በአክሱም ጎዳና የተዘረጋው ገመድ

የቀድሞ ነገሥታት በሕዝብ ፊት ይፈጽሙት የነበረው ሥርዓት ለዐይን ብቻ የተደረገ ጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ምንጣፉንና ወርቁን ያያል፤ በመካከሉ የሚነገረውን ቃል ግን አያዳምጥም። ስለዚህ ዛሬ በአክሱም ጽዮን ይፈጸም የነበረውን ሥርዓተ ቍርሐት እንመለከታለን፤ ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንናገራለን። ቍርሐት ማለት ጠጕርን መቍረጥ ነው፤ ከሥርዓቱ ክፍሎች አንዱ የንጉሡ ጠጕር መቈረጥ ስለ ነበረ በዚህ ስም ተጠራ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መንግሥቱን የያዙት በ1434 ሲሆን ወደ አክሱም ወጥተው ይህን ሥርዓት የፈጸሙት በ1436 ነው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረን፣ ወደ ከተማው ሲገቡ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ከመቶ ወቄት የሚበልጥ ወርቅ በተኑ፤ ትግሬ መኰንንና የአክሱም ንቡረ እድም በቀኝና በግራ ሆነው የወይራ ዝንጣፊ ያወዛውዙ ነበር። ከዚያም ንጉሡ በድንጋይ መንበር ተቀመጡ፤ በግራና በቀኝም የ12ቱ ዳኞች መንበሮች፣ የጳጳሱም መንበር ነበረ። ሠራዊቱም ግብሩም ሁለት ዓመት ያህል በእጃቸው የነበረ ንጉሥ ይህን ሁሉ መንገድ መጓዛቸው፣ ኀይል ብቻውን ንጉሥ እንደማያደርግ ያውቁ ስለ ነበረ ይመስለናል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቶ ያደነቀው ታላቁ የጽዮን ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከተራራ ወደ ተራራ ሲሰደዱ ቆይተው በ1540 ዐረፉ፤ ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስም በ1559 በጦር ሜዳ ወደቁ።

እንግዲህ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1580 ግድም ለቍርሐት ወደ አክሱም ሲመጡ የገቡት ይህ ሁሉ መከራ ወደ ደረሰባት ከተማ ነው። የጽዮን ደናግል በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆሙ፤ ሁለት አሮጊቶችም ሰይፍ ይዘው ገመድ ዘረጉ። የንጉሡ ፈረስ ሲቀርብ አሮጊቶቹ በድፍረት ቃል፣ አንተ ማን ነህ? ከየትኛው ነገድ ነህ? ብለው ጠየቁ። ንጉሡም የዳዊት፣ የሰሎሞን፣ የዕብነ ሐኪም ልጅ ነኝ ብለው መለሱ። ሠራዊት የሚያዝዝ ንጉሥ በሁለት አሮጊቶች ፊት ቆሞ የአባቶቹን ስም ሲቈጥር እናስብ! ገመዱም ገና አልተቈረጠም። ሁለተኛ በተጠየቁ ጊዜ የዘርዐ ያዕቆብን፣ የበእደ ማርያምን፣ የናዖድን ስም ጠሩ፤ ይህም አልበቃም።

በሦስተኛው ጥያቄ እጃቸውን አንሥተው የወናግ ሰገድ፣ የአጽናፍ ሰገድ፣ የአድማስ ሰገድ ልጅ ነኝ አሉ፤ ይኸውም የልብነ ድንግል፣ የገላውዴዎስና የሚናስ ማለት ነው። (ዐፄ ገላውዴዎስ አጎታቸው እንጂ አባታቸው አልነበሩም፤ ከዙፋኑ ወራሽነት የተነሣ ግን ከአባቶች ጋራ ተቈጠሩ።) ይህን ብለው ገመዱን በሰይፍ ቈረጡት፤ አሮጊቶቹም በእውነት የጽዮን ንጉሥ ነህ ብለው ጮኹ። የሰሎሞን ክብር የቆመበት ስም ገመዱን አላስቈረጠም፤ በስደትና በጦርነት ያለፉት፣ በዚያ ከቆሙት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በዐይናቸው ያዩአቸው የነበሩ ነገሥታት ስም ግን አስቈረጠው። ሕዝቡ ከዚህ ንጉሥ ጋራ አንድ ያደረገው ያ የጋራ መከራ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ዐፄ ሱስንዮስም በ1608 በዚያው ገመድ ፊት ቆመዋል። ሁለት ጊዜ የእስራኤል ንጉሥ ነኝ አሉ፤ በሦስተኛው የጽዮን ንጉሥ ነኝ ብለው ገመዱን ቈረጡ። በ1622 ግን የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ በአክሱም የተናገሩትን ቃል ሰምቶ የነበረው ሕዝብም ተነሣባቸው፤ ወንድም ከወንድሙ ጋራ ተዋጋ፤ ብዙ ሺህ ሰውም አለቀ። በ1632 ወደ ቀድሞው ሃይማኖት መመለስ የሚወድ ሁሉ ይመለስ የሚል ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ አስረከቡ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ።