ስለ ዳግማዊ ቱፓክ አማሩና ስለ ተከለከለው ልብስ

በስፔኑ ንጉሥ በሣልሳዊ ካርሎስ ዘመን፣ በፔሩ ምድር በቲንታ አውራጃ፣ ሆሴ ገብርኤል ኮንዶርካንኪ የሚባል ኩራካ ነበረ፤ ኩራካ የአገሬው ባላባት ነው። ስፔኖች በ1572 በኩስኮ አደባባይ አንገቱን የቀሉት የኢንካው የቱፓክ አማሩ ዘር ነኝ ይል ነበር፤ ዳግማዊ ቱፓክ አማሩ የተባለውም ስለዚህ ነው። በልጅነቱ ከኢየሱሳውያን ዘንድ ተማረ፤ ሲጎለምስ በብዙ በቅሎ እስከ ፖቶሲ የሚመላለስ ሲራራ ነጋዴ ሆነ። እንደ ስፔን መኳንንት ጥቁር ከፋይ ይለብሳል፤ በላዩም የኢንካን ፀሐይ በወርቅ ሰንሰለት ያንጠለጥላል።

በ1777 ዘሩን ያጸኑለት ዘንድ ሊማ ወርዶ ደጅ ጠና፤ አልፈረዱለትም። የኩስኮ የኢንካ መሳፍንትም ይህን በቅሎ ነጂ ከእኛ ማን ቆጠረው ብለው ናቁት።

በዚያም ወራት ሕዝቡ በሚታ፣ ማለት በፖቶሲ የብር ጉድጓድ በተራ በሚሠራው የግዴታ ሥራ፣ ደግሞም አገረ ገዢው ያልፈለጉትን ሸቀጥ በውድ ዋጋ በሚያሸክምበት በሬፓርቶ ተጨንቆ ነበር። ስለዚህ ኮንዶርካንኪ ኖቬምበር 4 ቀን 1780 አገረ ገዢውን አሪያጋን ይዞ በስድስተኛው ቀን በቱንጋሱካ ሰቀለው። ባሮችም ነፃ ይውጡ ብሎ አዋጅ አስነገረ። ሚስቱ ሚካኤላ ባስቲዳስ ቶሎ ኩስኮን ያዝ እያለች በደብዳቤ ወተወተችው፤ እርሱ ግን ዘገየ። ምክሯን ሰምቶ ቢሆን ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። በደረሰ ጊዜ ለስፔን ከሚዋጉት መካከል የቺንቼሮው ኩራካ ፑማካዋ ነበረ፤ እርሱም የኢንካ ዘር ነው። ይህን ጦርነት የነጭና የአገሬው ሰው ጠብ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ነገሩን አልመረመረም።

በኤፕሪል 1781 ተያዘ። ሜይ 18 ቀን ሚስቱንና የበኩር ልጁን ኢፖሊቶን በፊቱ ገደሉ፤ እርሱንም በአራት ፈረስ ጎትተው ሊበጣጥሱት ቢያቅታቸው አንገቱን ቆረጡ።

የፈረደው አሬቼ ግን በሰውዬው ሞት አልረካም። የኢንካ ልብስ እንዳይለበስ፣ የኢንካ ነገሥታት ሥዕል በቤት እንዳይሰቀል፣ ስለ እነርሱም ጥቁር ለብሶ ኀዘን እንዳይያዝ፣ የቀድሞው ታሪክ በጨዋታ እንዳይታይ፣ ፑቱቱ የተባለው የባሕር ቀንድ እንዳይነፋ፣ ማንም በስሙ ላይ ኢንካ ብሎ እንዳይፈርም፣ ሁሉም ስፓኝኛ እንዲማር አዘዘ። ጦር ሜዳ ያሸነፈ ሰው ከዚያ ወዲያ በሥዕልና በቀሚስ ላይ መዝመቱ ምን ያህል እንደ ፈራ ያሳያል። ልብሱንም ሲከለክል ለንጉሡ የታመነውን ካመፀው አልለየም፤ በቅሎ ነጂውን የናቁት መሳፍንት የአባቶቻቸውን ልብስ ከእርሱ ጋር አብረው አጡ። ቋንቋውን ግን ማጥፋት አልሆነለትም፤ በ1975 የጄኔራል ቬላስኮ መንግሥት ኬቹዋን ከስፓኝኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ አደረገው።

ወደ ፑማካዋ እንመለስ። ስፔኖች ሾሙት፤ የኩስኮ ከፍተኛ ችሎት ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት እስኪሆን ደረሰ። በ1814 ግን በስተርጅና ራሱ ሸፈተ፤ በማርች 1815 በሲኩዋኒ አንገቱን ቆረጡት።