ጉድጓዱ ከወዲያ፣ ቧንቧው ከወዲህ

ሄግሊግ የሚባለው የነዳጅ ሰፈር ሁለት ስም አለው። የካርቱም ሰዎች ሄግሊግ ሲሉት የጁባ ሰዎች ፓንቶው ይሉታል። አንዱ ዓረብኛ፣ ሌላው ዲንካ ይሁን እንጂ ሁለቱም ስሞች የወጡት በቆላ ከሚበቅል ከአንድ እሾሃማ ዛፍ ነው። በዛፉ የተስማሙት ጎረቤታሞች ዛፉ በማን ግቢ እንደበቀለ መስማማት አቅቷቸው በኤፕሪል 2012 ጦር ተማዘዙ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በእኛ በተማሪዎች መካከል የዚህ ጠብ ነገር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው አንድ መልስ ነው፤ «የዋጋ ጉዳይ ነው እኮ! ሰሜኑ ለአንድ በርሜል ማሳለፊያ 36 ዶላር ጠየቀ፣ ደቡቡ ከ1 ዶላር በታች ነው የምከፍለው አለ፤ ተጣሉ፤ በቃ።» ይህ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ዋጋውንና ወሰኑን ለየብቻ የሚያይ ሰው፣ በዋጋው ከተስማሙ በኋላ ዘይቱ ለምን ስምንት ወር ሙሉ ሳይፈስ እንደቆየ ሊያስረዳን አይችልም። እኛ ሁለቱ ከጥንትም አንድ ጥያቄ ነበሩ ባዮች ነን።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በ1972 እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት አሥራ ሰባት ዓመት የፈጀውን የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት አቁሞ ለደቡብ የራስ አስተዳደር ሰጠ። ያን ጊዜ ስለ ነዳጅ የሚያወራ አልነበረም። በ1978 ሼቭሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቤንቲው አጠገብ ዘይት አገኘ፤ ወዲያው ካርታው መታመም ጀመረ። በ1980 የኒሜሪ መንግሥት የክልሎችን ወሰን አሻሽላለሁ ብሎ ባቀረበው ካርታ ላይ ዘይት ያለበት መሬት ወደ ሰሜን ተሻግሮ ተገኘ! የደቡብ ሰዎች ጮኹ፤ ካርታውም ለጊዜው ተመለሰ። ቀጥሎ የማጣሪያው ነገር መጣ፤ ፋብሪካው ዘይቱ በፈለቀበት በቤንቲው ሳይሆን በሰሜን በኮስቲ ይሠራ ተባለ። በ1983 ኒሜሪ ደቡብን ሦስት ቦታ ከፈለው፤ በቦር የነበረው ጦር አመፀ፤ የሸሪዓ ሕግም በዚያው ዓመት ታወጀ። ጦርነቱ በዘይት ብቻ ተነሳ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የደቡብ ሰው ካርታ ሲዘረጋ ባየ ቁጥር እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሌባ ያየ ይመስለዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ1999 ከሄግሊግ እስከ ፖርት ሱዳን 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው ቧንቧ ተዘረጋ። ከላይኛው ናይል የሚነሳው ሁለተኛው ቧንቧ ሥራ የጀመረው በ2006 ነው። የዚህኛው ዘይት ወፍራምና ሰም የበዛበት ነው፤ ካልሞቀ እንደ ቅቤ ይረጋል። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ2005 የተፈረመው የሰላም ስምምነት ከደቡብ ጉድጓዶች የሚገኘውን ገቢ ለሁለቱ እኩል አካፈለ፤ ወሰኑ ደግሞ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በጃንዋሪ 1 ቀን 1956 እንደነበረው ይሁን አለ። ማካፈሉ ተሠራበት። ወሰኑ ግን መሬት ላይ ሳይከለል ስድስቱ ዓመት አለቀ። ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ከቀድሞይቱ ሱዳን ዘይት ሦስት አራተኛው ያህል የእሷ ሆነ፤ ቧንቧውና ወደቡ የሰሜን። በመካከላቸው 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ችካል ያልተተከለበት ወሰን ቀረ።

ክፍያው ሳይቆረጥ ወራት ሲያልፉ ካርቱም «ዕዳዬን በዓይነት እወስዳለሁ» ብላ ከቧንቧው ዘይት መቅዳት ያዘች። ጁባ «ሌብነት ነው» ብላ በጃንዋሪ 2012 ጉድጓዶቿን ዘጋች። በቀን 350,000 በርሜል ያህል! የመንግሥቱ ገቢ ከመቶው 98ቱ ከዚያ እንደነበር እናስታውስ። ከእኛ መካከል ይህን እርምጃ እንደ ጀግንነት የሚያዩ አሉ። ክብሩ ይገባናል፤ ስንት ዓመት የተሰረቀ ሰው ማጀቱን ቢዘጋ አይፈረድበትም። ግን የተዘጋው ማጀት የራስ ልጆች የሚበሉበት ነው። ይህንንስ ማን ያስላው?

ሄግሊግ የመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በ2009 ሄግ ላይ የተቀመጠው የግልግል ጉባኤ ቦታውን ከአብዬ ውጭ አድርጎት ነበር። ካርቱም «ስለዚህ የእኔ ነው» አለች፤ ጁባ ደግሞ «የአብዬ አይደለም ተባለ እንጂ የሰሜን ነው መች ተባለ?» አለች። በኤፕሪል 10 የደቡብ ጦር ቦታውን ያዘ። ሰሜን ከቀራት ዘይት ግማሹ ገደማ የሚወጣው ከዚያ ነበር። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፤ በቧንቧው የተጀመረው ጠብ በወሰኑ ላይ ደም አፈሰሰ። ዓለም ሁሉ ሲቆጣ ደቡብ በአሥረኛው ቀን ጦሯን እንደምታወጣ አስታወቀች፤ ሁለቱም መንግሥታት ግን ከነጉዳታቸው ቀሩ።

አሁን ወደ ስምንቱ ወር እንመለስ። በኦገስት 2012 በታቦ ምቤኪ አሸማጋይነት በዋጋው ተስማሙ፤ በሴፕቴምበር 27 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። እንደ ቧንቧው 11 ዶላር ወይም 9 ዶላር ከ10 ሳንቲም፣ በዚያ ላይ ለሰሜን ማካካሻ ለጥቂት ዓመታት የሚታሰብ 15 ዶላር። ታዲያ ዘይቱ ለምን አልፈሰሰም? ካርቱም «መጀመሪያ ጦርህን ከወሰኑ አርቅ፤ አማፂዎቼን መርዳት ተው» ስላለች ነው። ሁለቱም ጦሮች ከወሰኑ አሥር አሥር ኪሎ ሜትር እንዲያፈገፍጉ ተወስኖ ነበር፤ ግን ከየት ተለክቶ? መስመሩ ራሱ ጊዜያዊ ነበራ! የአፈጻጸሙ ሰሌዳ በማርች 2013 ሲፈረም ነው ቧንቧው በኤፕሪል የተከፈተው። ሁለት ወር ሳይሞላ በጁን አልበሽር እንደገና ይዘጋ ብለው አዘዙ። ምክንያቱ ዋጋ አልነበረም፤ «አማፂ ትረዳላችሁ» የሚል ነው። ትእዛዙ ባይፈጸምም ነገሩን ገልጦታል።

በዚህ መሀል የአገራችን ልጆችም ነበሩበት። ከ2011 ጀምሮ አብዬን የጠበቀው፣ የወሰኑንም ቁጥጥር እንዲረዳ የታዘዘው የተባበሩት መንግሥታት ጦር በብዛት የኢትዮጵያ ወታደር ነበር፤ እስከ 2022። የእኛም ነዳጅ በጅቡቲ በኩል በቦቴ የሚመጣ ስለሆነ የጁባን ጭንቀት ከሩቅ የምናየው አይደለም።

ጁባ ሌላ መውጫ ፈልጋለች። ጉድጓዶቿን በዘጋች በሁለተኛው ወር፣ በማርች 2012፣ ሳልቫ ኪር ከኪባኪና ከመለስ ጋር ሆነው በኬንያ ጠረፍ ላሙ ላይ የአዲስ ወደብና የመንገድ ሥራ አስጀመሩ፤ የነዳጅ ቧንቧም በእቅዱ ውስጥ ነበር። ወደቡ ተሠራ። ከደቡብ ሱዳን የሚመጣው ቧንቧ ግን አልተዘረጋም።

በኤፕሪል 2023 በሰሜን ጦርነት ተነሳ። በ2024 መጀመሪያ ውጊያው በመንገዱ ላይ ስለነበረ ለማስገፊያ ጣቢያዎቹ ናፍጣ ሳይደርስ ቀረ። ያ ወፍራም ዘይት በቧንቧው ውስጥ ረጋ፤ ቧንቧውም ፈነዳ። በዚህ ጊዜ ዋጋ ያነሳ፣ ክፍያ የከለከለ አልነበረም። በላይኛው ናይል ጉድጓዶቹ ሞልተው፣ ጁባ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ወር ቆጥሮ ይጠብቅ ነበር።