ቅዳሜ፣ ካንዴላና የአባቴ እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ጨርሼ፣ ለጓሮ ሥራ የማስቀምጠውን አሮጌ ሱሪ ለብሼ ወጣሁ። የጉድጓዱን ውሃ የምትስበው ትንሿ የቤንዚን ሞተር እምቢ ካለች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ጎመኑ ጠውልጓል፣ ቃሪያው አንገቱን ደፍቷል፣ ባለቤቴም "ሰው ጥራ" ማለት ሰልችቷት ዝም ብላለች። እኔ ግን ሰው አልጠራሁም። ከዕቃ ቤት የአባቴን የመፍቻ ሳጥን አወጣሁና ሞተሯ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

የሞተር ነገር ሲያወሩት ይከብዳል እንጂ ሦስት ጥያቄ ነው፦ ነዳጅ ይደርሳል? እሳት አለ? አየሩን አፍኖ ይይዛል? ካንዴላዋን ፈታሁ፤ ጥላሸት ለብሳለች። ካርቡራተሩን ከፈትኩ፤ የከረመ ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቆ ነዳጁ የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ ደፍኗል። እጄ እስከ ክርኔ በዘይት ተነክሮ ሳለ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ያን ሁሉ ተምረህ መጨረሻህ ዘይት ሆነ?"

"ምን ላድርግ ጋሼ፣ ጎመኑ ሊሞትብኝ ነው።"

"ጎመን እኮ ገበያ አለ!" ብለው ሳቁና ገቡ። ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን ያቺ ጨዋታ የጎረቤቴ ብቻ አይደለችም። ዕድሜዋ ከእሳቸውም ከእኔም ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ስታመላልሰኝ ስለዋለች እስቲ ላጫውታችሁ።

እኛ የእጅን ፍሬ እየወደድን እጁን የምንጠላ ሰዎች ነን። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም። ማረሻውን የሚሠራለትን ግን ቀጥቃጭ ብሎታል፣ ጠይብ ብሎታል፣ ቡዳ ብሎ ልጁን ከፊቱ ሸሽጎበታል። ሸማ ለብሶ ሸማኔውን፣ በገንፎ ማሰሮ እየበላ ሸክላ ሠሪዋን ንቋል። ብረት አቅላጩ በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም፤ ከሱ ጋር መጋባትም ነውር ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ አገር ውስጥ እሳትና ብረት የሚያውቀው ሰው በሙሉ ከመንደሩ ዳር ከተገፋ፣ ዕውቀቱ ከማን ጋር ይነጋገራል? መጽሐፍ የሚያውቀው ብረት አይነካም፤ ብረት የሚነካው ፊደል አያይም። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ስንት መቶ ዓመት አለፈ።

ነገሥታቱ ይህን ሳይረዱት ቀርተው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1867 የተሠራው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን የሚመዝን ነበር። ያን ሁሉ ብረት እስከ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ሲጠረግ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር በቦታው የነበሩ ጽፈዋል። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። ጋፋት ግን ከንጉሡ ጋር አበቃች። ባለሙያዎቹ እንግዶች ነበሩ፤ ሄዱ። ትልቁ ጉዳት መድፉ አለመተኮሱ ሳይሆን፣ ሠሪውን የሚተካ ትውልድ አለመቅረቱ ይመስለኛል።

ዐፄ ምኒልክ ደግሞ ማሽን ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራ ንጉሥ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ይዞ ገባ፤ ንጉሡም ተሳፈሩበት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሌላም ነገር አደረጉ፤ ለእኔ ከአውቶሞቢሉ የሚበልጠው ይኼኛው ነው። ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያልክ አትስደብ፤ እነሱን የሰደበ እኔን ሰደበ የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነበር። መኪናው በአንድ ቀን ከተማዋን ዞረ። አዋጁ ግን ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላም እኔ አጥር ጥግ ገና አልደረሰም።

ማሽኑ ራሱ እንዴት እንደመጣብን ቋንቋችን ይመሰክራል። "ባቡር" የምንለው ቃል መነሻው እንፋሎት የሚለው የጣልያን "ቫፖሬ" ነው፤ በዓረብኛ አፍ አልፎ ወደ እኛ ደረሰ። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ማሽን "የሰርኪስ ባቡር" ተባለ፤ ሐዲድ ግን አልነበረውም። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ለባላገሩ በራሱ ጉልበት ጭስ እየተፋ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ባቡር ነበር። እናም እህል የሚፈጨው ሞተር መንደር ሲገባ እሱም ባቡር ሆነ። እኔ ባደግኩባት የሸዋ ትንሽ ከተማ እናቶች ዛሬም "ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ" ሲሉ ባቡር ጣቢያ መሄዳቸው አይደለም፤ ቁና ጤፍ ሊያስፈጩ ነው።

አባቴ የዚያ ባቡር ሰው ነበር። የወፍጮ ቤት ሞተረኛ። ሞተሩ ሊስተር የሚባለው፣ ዳርስሊ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከ1930 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያለ ብዙ ለውጥ የተሠራው ዓይነት ናፍጣ ሞተር ነው። የፈረስ ጉልበቱ 6፣ በደቂቃ የሚዞረው 650 ጊዜ ብቻ። ዛሬ ጓሮዬ ያለችው ዓይነት ትንሽ የቤንዚን ሞተር 3,600 ትዞራለች። ያኛው እንደ ሽማግሌ ነበር፤ ዱግ... ዱግ... ዱግ... እያለ፣ ከባድ መዘውሩ እየጎተተው፣ ሳይቸኩል። ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ነው። ለማስነሳት አባቴ ቫልቩን በእጁ ከፍቶ ይይዝና በማንቬላ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፣ መዘውሩ ነፍስ ሲዘራ ቫልቩን ይለቀዋል። ያኔ የጭስ ማውጫው አንድ ጊዜ ያስነጥሳል፤ የተሰለፉት ሴቶችም "እሰይ!" ይላሉ።

እሰይ ቢሉ አይፈረድባቸውም። ከሞተሩ በፊት የነበረው ድንጋይ ወፍጮና መጅ ነው። የቤተሰብ እንጀራ የሚገኘው አንዲት ሴት ተንበርክካ፣ ሌሊት ተነሥታ፣ በወገቧና በክንዷ ስትፈጭ ነበር። አያቴ ጉልበቷ ላይ የነበረውን ጠባሳ ፀሎት አስመስላ "የወፍጮ ስግደት" ትለው ነበር። ስለ ሴቶች እኩልነት ብዙ ስብሰባ ተካፍያለሁ፤ በመንደራችን ግን ሴቶችን መጀመሪያ ከተንበረከኩበት ያነሣቸው ያ ዱግ ዱግ የሚል ብረት ነው። እርግጥ ነው ብረት ሁልጊዜ ነፃ አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ዕርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ሲጀመር አርሲ ውስጥ ምርት አደገ። ትራክተር የገዛው ባለመሬት ግን ጭሰኛውን አስነሣ። ማሽን ጥሩም ክፉም የሚሆነው በማን እጅ ነው የሚለውን ታይቶ ነው።

አባቴ ሞተሩን የሚፈታው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ወፍጮው ሲያርፍ። እናቴ ደግሞ "ቅዳሜም እኮ ሰንበት ናት" ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ሊቃውንቱን ሰብስበው ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር ብለው ከወሰኑ ወዲህ ይህ ክርክር በየቤቱ አለ። አባቴ መልሱ አንድ ነበር፦ "በሬው ጉድጓድ ገብቷል።" በሰንበት በሬው ጉድጓድ የገባበት ሰው ያወጣዋል የሚለውን የወንጌል ነገር ማንሳቱ ነው። እናቴ ትስቅና እፍኝ ቆሎ ይዛለት ትመጣለች።

ያን ሰዓት እኔ ዕቃ አቀባይ ነኝ። "ፒንሳ! ካቻቢቴ! ዳዶው የት ገባ? ጓርኒሲዮኑን እንዳትቀደው!" አማርኛ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው ጣልያንኛ መሆኑ የገባኝ። እስቲ ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ አዳምጡ፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ብሎን፣ ጎማ፣ ላሜራ፣ ቶርኖ፣ ፓራፋንጎ። ፋሺስት በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ መፍቻው ግን ስሙን ይዞ ቀረ። በወረራው ዘመን ለመንገዱና ለጭነት መኪናው ሲባል ከጣልያን መካኒክ ሥር ዕቃ ሲያቀብሉ የዋሉ ልጆች ዓይናቸው የሰረቀውን ይዘው ቀሩ። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራቸውም። የአገራችን የጋራዥ ሙያ ትልቁ ክፍል እንዲህ፣ ከጌታ ወደ ረዳት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ነው። የታሪክ መጻሕፍታችን የጦር አዝማቹን ስም ያውቃሉ። የመጀመሪያውን ካምቢዮ ብቻውን ፈትቶ የገጠመውን ሐበሻ ስም ግን ማን መዘገበው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ለወላጆች ቀን ትምህርት ቤት መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። እጁ ግን ያው እጁ ነው፤ የናፍጣው ጥቁረት በቆዳው ስንጥቅ ገብቶ ሳሙና አይለቀው። አንድ የክፍሌ ልጅ "የማን አባት ነው፣ ይኼ ቀጥቃጭ?" አለ። እኔም አላውቀውም አልኩ። ሳይሆን አይቀርም አባቴ ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቴ ሲመጣ እጁን ከኪሱ አያወጣም ነበር። በዚያ እጅ የገዛልኝን ደብተር ይዤ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ።

ሌላው ዓለም ያን እጅ ምን አደረገው? ጃፓን በጦርነት አመድ በሆነች ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ሶይቺሮ ሆንዳ የሚባል የአንጥረኛ ልጅ ሐማማትሱ ከተማ ውስጥ፣ ለወታደር ሬዲዮ ማመንጫ ተሠርተው ትርፍ የቀሩ ትናንሽ ሞተሮች አገኘ። ብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ለቤንዚን ማጠራቀሚያ የመጀመሪያው ላይ ያሰረው ለመኝታ ማሞቂያ የሚሆን የሙቅ ውሃ ዕቃ ነበር። ያ የዳስ ሥራ አድጎ የሆነውን መንገድ ወጥታችሁ ማየት ነው። ልብ በሉ፤ አባቱ አንጥረኛ፣ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። እኛ ዘንድ ቢወለድ ምን ይባል እንደነበር ታውቁታላችሁ።

ትምህርት ቤት አልከፈትንም ማለቴ አይደለም። ተግባረ ዕድ ጣልያን በወጣ ማግስት ተከፍቶ ስንት ባለሙያ አፍርቷል። ግን ውጤት ያልመጣለትን ልጅ "ቢያንስ ሙያ ይማር" ስንል ያቺ "ቢያንስ" ምን እንደምትናገር አስቡት። አነስተኛ መስኖ ይስፋፋ ተብሎ ፓምፕ በየገጠሩ ሲታደል፣ አንዲት ፋሻ አልቃባት ወይም አንዲት ቀዳዳ ተደፍናባት ዶሮ የሚሰፍርባት ሞተር አይቻለሁ። የጠፋው ገንዘብ አልነበረም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሚፈታ ሰው ነው የጠፋው። ያን ሰው በመሳቅ አባረነዋል።

ወደ ጓሮዬ ልመለስ። ካንዴላዋን በብረት ብሩሽ ፈቀፈቅኩ፣ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ከፈትኩ፣ የከረመውን ቤንዚን ደፍቼ አዲስ ቀዳሁ። የአሥር ዓመቷ ልጄ ዕቃ አቀባይ ሆነች። "ካቻቢቴ!" ስላት ያለ ስህተት አቀበለችኝ፤ ቃሉን ከየት እንደሰማችው እንጃ። ገመዱን አራት ጊዜ ሳብኩት። በአምስተኛው ተነሣች።

ውሃው ወደ ጎመኑ ሲሄድ ጎረቤቴ እንደገና ብቅ አሉ። ትንሽ ዝም ብለው አዩና፣ "የኔም የውሃ ሞተር እኮ ዕቃ ቤት ከተቀመጠ ቆየ" አሉኝ። "ያመጡት ጋሼ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እናየዋለን" አልኳቸው። "ግን እርስዎም አሮጌ ልብስ ለብሰው ይምጡ።"

ሰኞ ቢሮ ስገባ ጥፍሬ ሥር ጥቁር ዘይት ነበር። ስብሰባ ላይ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዋልኩ። አባቴ ባያየውም።