ከቀለም ቀንድ እስከ ቀለም ታንከር

በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት የምናገኛቸው የብራና መጻሕፍት ሲጻፉ ወጪ የሚያስወጣው ብርዑ አልነበረም። ብርዕ ከወንዝ ዳር መቃ ተቆርጦ በቢላ ይቀረጻል፤ ሲደንዝ እንደገና ይሳላል፤ ሲያልቅ ሌላ ይቆረጣል። ወጪው ያለው ቆዳውና ቀለሙ ላይ ነበር። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከታረረ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ይቀመማል፤ ተፈጭቶና ተብላልቶ እስኪደርስም ወራት ይፈጃል። ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ይቆጠባል። ቁም ጸሐፊው ሁለቱን በሁለት ቀንድ ሞልቶ ከጎኑ መሬት ላይ ይተክልና ሥራውን ይጀምራል። ቀማሚውም ተጠቃሚውም እሱ ስለነበር ምን እንዳወጣበትና ምን ያህል እንደቀረው ከማንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

እኛ የዚያ ጽሕፈት ወራሾች ዛሬ ለቤት ቢሮ የሚሆን፣ የሚያትም፣ ኮፒ የሚያደርግና ስካን የሚያነሣ ርካሽ «ስሪ ኢን ዋን» ፕሪንተር ፍለጋ ስንወጣ፣ ከሻጩ ፊት ቆመን መጀመሪያ የምንጠይቀው የመሣሪያውን ዋጋ ነው። የቀለሙን ዋጋ የምንጠይቀው ሲያልቅብን ነው። ይህ ቅደም ተከተል እንዴት እንደተገለበጠ ለመረዳት ጥቂት ወደኋላ መሄድ ያሻል።

የግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ያረፈው በአገሩ ላይ አልነበረም። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊደሉን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚያው አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በሮም አሳተሙ። ፊደሉ የእኛ ነበር፤ ማተሚያውና ቀለሙ ግን የሌላ። የአገራችን ሰው ጽሑፍና የጽሑፍ መሣሪያ በሁለት ባለቤት እጅ ሲገቡ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ሁለቱ ተመልሰው በአንድ እጅ የገቡበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የግሪክ ተወላጅ የሆነው አንድሬያስ ካቫዲያስ «አእምሮ»ን ሲጀምር ጋዜጣው በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። የአገሪቱ የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ እንግዲህ የሚጀምረው ዛሬ የቤት ቢሮ ብለን ልንጠራው ከምንችለው ክፍል ነው። ኋላ በማባዣ መሣሪያ ቅጂው በረከተ። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ሲያቋቁሙ ደግሞ የማተም ሥራ ወደ ትልቅ ግቢ ገባ፤ መሣሪያውም፣ ቀለሙም፣ ወረቀቱም፣ ፈቃዱም በዚያው ሆነ።

ሥራው ወደ ቢሮና ወደ ቤት የተመለሰው በጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑ ፊደሎቻችንን በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማሳረፍ መሠረቱን ለብቻ፣ ምልክቱን ለብቻ የሚመታበትን ዘዴ ሲያዘጋጁ፣ ለማተሚያ ቤት ወረፋ መጠበቅ የማይፈልግ ጸሐፊ መሣሪያ አገኘ። ከእሱ ጋር ካርቦንና ስቴንስል መጡ። በስቴንስል ተመትቶ በማባዣ መኪና የሚታተም ወረቀት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተለመደ። የተማሪዎቹ ንቅናቄ ጽሑፎችም፣ በአብዮቱ ዓመታት በኅቡዕ የተበተኑት እንደ «ዴሞክራሲያ» ያሉ ልሳናትም የተባዙት በዚህ መንገድ ነው። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ከጦር መሣሪያ ጋር የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መኪና ይፈለግ ነበር። ዛሬ በጠረጴዛችን ጥግ የምናስቀምጠው ዕቃ የሚሠራውን ሥራ ቤት ውስጥ መሥራት፣ በብዙዎቻችን ወላጆች ዕድሜ፣ ሕይወት ሊያስከፍል ይችል እንደነበር ልብ ይሏል።

በሌላው ዓለም በዚያው ዘመን የሒሳቡ ጨዋታ እየተለወጠ ነበር። ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ደረቅ ዱቄትን በኤሌክትሪክ ኃይል ወረቀት ላይ የማሳረፍን ዘዴ ፈለሰፈ። በዚያ ዘዴ የተሠራው ዜሮክስ 914 የተባለው የኮፒ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1959 ወጣ። ወደ 300 ኪሎ የሚመዝን፣ አንዳንዴም ወረቀቱን የሚያቃጥል ማሽን ነበር። ገናናነቱ ግን በአከፋፈሉ ነው። ኩባንያው በወር 95 ዶላር ያከራየውና ከ2,000 ቅጂ በላይ ለሚነሣው ለእያንዳንዱ ገጽ ተጨማሪ ያስከፍል ነበር። ደንበኛው የሚገዛው ማሽን መሆኑ ቀረና ገጽ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ኤችፒ የመጀመሪያውን ሌዘርጄት በ3,495 ዶላር ሲያወጣ ፕሪንተር ገና የባለጸጋ ቢሮ ዕቃ ነበር። በአሥር ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ማተምን፣ ፋክስንና ኮፒን በአንድ ሣጥን ያጣመረው ኦፊስጄት ወጣ። ከዚያ በኋላ የመሣሪያው ዋጋ ቁልቁል ወረደ፤ የካርትሪጁ ግን አልወረደም። ፈረሱን በነፃ ሰጥቶ ገብሱን በውድ መሸጥ ማለት ይህ ነው። ካርትሪጁ ላይ ቺፕ ተቀመጠ፤ ቺፑ ሌላ ሰው የሞላውን ቀለም እንዳይቀበል ተደረገ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በሌክስማርክ ጉዳይ፣ አምራቹ ካርትሪጁን አንዴ ከሸጠ በኋላ ገዢው ወይም ሌላ ሰው እንደገና እንዳይሞላው በፓተንት መብት ሊከለክል እንደማይችል ወሰነ። ሕጉ በሩን ቢከፍትም ቺፑ ግን አሁንም ከበሩ ላይ ቆሟል።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። በአገራችን ገበያ ርካሽ በሚባሉት የኤችፒ ዴስክጄት ፕሪንተሮች ከሚገባው ካርትሪጅ አንዱ፣ 123 የሚባለው ጥቁር፣ አምራቹ እንደሚለው 120 ገጽ ያህል ያትማል። የኤፕሰን ኤል 3250 እና መሰሎቹ የሚሞሉበት 103 የተሰኘው ጥቁር ቀለም በ65 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 4,500 ገጽ ያህል ይሰጣል። አንዱ ጠርሙስ የ37 ካርትሪጅ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች በላቦራቶሪ ገጽ የተለኩ ናቸው፤ ፎቶና ባለቀለም ሠንጠረዥ የሚያትም ሰው ያን ያህል አያገኝም። የመጀመሪያው ሙሌት ደግሞ ቱቦዎቹን ለመሙላት ስለሚሄድ ከሚቀጥለው ያነሰ ገጽ ይሰጣል። ቢሆንም የልዩነቱን ስፋት እነዚህ አይሸፍኑትም።

እንዲህ በጠርሙስ የሚሞላው የቀለም ታንከር የመጣበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል። በእስያ ገበያዎች ብልኃተኛ ጥገና ሠራተኞች የካርትሪጅ ፕሪንተሮችን እየበሱ፣ ቱቦ እየቀጠሉ፣ በውጭ ካስቀመጡት ጠርሙስ ቀለም እንዲስቡ ያደርጉ ነበር። ኤፕሰን ከእነሱ ጋር መታገሉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ራሱ ባለታንከር ፕሪንተር ሠርቶ በኢንዶኔዢያ ለገበያ አቀረበ፤ ካኖንና ኤችፒም ተከተሉ። መሣሪያው ወደደ፤ ቀለሙ ረከሰ። የቁም ጸሐፊው ሒሳብ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ ከጎኑ በሚታይ መስኮት ምን ያህል እንደቀረው እየተመለከተ ለሚሠራ ሰው ተመለሰ። በእኔ ግምት የቤት ቢሮ ፕሪንተር ታሪክ ውስጥ ከገመድ አልባ ግንኙነትም፣ ከንክኪ ስክሪንም የበለጠው ለውጥ ይኸው ነው።

ያም ሆኖ ታንከር ለሁሉም አይሆንም። ለሳምንታት ምንም የማያትም ሰው የቀለም ፕሪንተር ቢገዛ የፕሪንተሩ አፍ ሊደርቅበት ይችላል፤ ለማጽዳት ባዘዘው ቁጥር ደግሞ ቀለሙ ወደ ቆሻሻ መምጠጫው ይፈስሳል፤ ያ ሲሞላ ፕሪንተሩ አልሠራም ይላል። በወር አንድ ጊዜ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ለሚያወጣ ሰው ሌዘር ይሻለዋል፤ ቶነሩ ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም። በአዲስ አበባ በየኮፒ ቤቱ የሚታየው ካኖን ኤምኤፍ 3010 ለዚህ አርአያ ነው። ቶነሩ 1,600 ገጽ ይሰጣል፤ ከአዲሱ ማሽን ጋር የሚመጣው ግን ለ700 ገጽ ብቻ የተሞላ ነው። ቶነር የሚሞላ ባለሙያም በየሰፈሩ አይጠፋም። ዋይፋይ የለውም፤ ሁለቱን ፊት በራሱ አያትምም፤ በሚያትምበት ሰዓት ለማሞቂያው ወደ 1,000 ዋት ሊስብ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የታንከሩ ፕሪንተር ከ20 ዋት ባነሰ ስለሚሠራ በትንሽ ዩፒኤስም ሥራውን ይጨርሳል።

ጨረታ የሚወዳደር ሰው ደግሞ ስካነሩን ቀድሞ ይመልከት። እያንዳንዱ ገጽ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት የሚገባ ሰነድ ገጽ በገጽ በመስታወት ላይ እያነሡ ማስገባት ምሽት ይጨርሳል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ወረቀቱን ራሱ የሚስብ ስካነር ያለውን ሞዴል፣ ጥቂት ጨምሮም ቢሆን፣ መግዛት ያዋጣል። ለሌላው ሰው ግን የስልክ ካሜራ አብዛኛውን ስካን ሠርቶታል፤ ለማይጠቀሙበት መክፈል አያስፈልግም።

በዋሽንግተን አካባቢ በቤታቸው የትርጉምና የግብር ሥራ የሚሠሩ ወገኖቻችን ያዩት ደግሞ የዜሮክስን አከፋፈል በአዲስ ልብስ ነው። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በጀመረው ወርሃዊ ውል ደንበኛው የሚከፍለው ለገጽ ነው፤ ቀለሙ በፖስታ ይላክለታል፤ ውሉ ሲቋረጥ ግን በውስጡ ቀለም ያለው ካርትሪጅ ከሩቅ ይዘጋል። ለአገር ቤት ዘመድ ፕሪንተር የሚልኩም ይጠንቀቁ። የአሜሪካው ኤችፒ ካርትሪጅ ቁጥር 67 ሲሆን የአውሮፓው አቻው 305 ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ መሣሪያ ደግሞ በ220 ይቃጠላል። ገንዘቡን ልኮ እዚያው መርካቶ ማስገዛቱ ይቀላል።

ወደፊት ይህ ትግል የሚቆም አይመስለኝም። ዛሬ በጠርሙሱ አፍ ቅርጽ ሌላ ቀለም እንዳይገባ የሚከለክሉ ሞዴሎች አሉ፤ ነገ ጠርሙሱም ቺፕ ሊበቅልበት ይችላል። ስለዚህ ሊገዙ ሲሄዱ ፕሪንተሩን ከማየት በፊት የቀለሙን ቁጥር ይዞ ሁለት ሦስት ሱቅ መጠየቅ፣ በአንዱ ብቻ የሚገኝ ከሆነም መተው ነው። አንድ ነገር ልጨምር። የርካሾቹ ታንከሮች ቀለም ብዙውን ጊዜ በውኃ የሚሟሟ ነው፤ አንድ የውኃ ጠብታ ያረፈበት ጽሑፍ ሊደበዝዝ ይችላል። የቤት ካርታ ቅጂ፣ የውርስ ወረቀትና ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ማናቸውም ሰነድ በሌዘር ወይም እንደ ብዙዎቹ የካኖን ጂ ተከታታይ ሞዴሎች ጥቁሩ ቀለም በውኃ የማይሟሟ ፒግመንት በሆነ ፕሪንተር ቢታተም ይሻላል፤ ቤት ያለው የማይችለው ከሆነ ለዚያች አንድ ሰነድ ኮፒ ቤት መሄድ ነው።