ተስፋዬ ገሠሠ፤ ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ ሥራ አስኪያጅ

በ1970ዎቹ አጋማሽ መሐል ሜዳ ላይ፣ በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ነው። መጋረጃችን ሁለት የመንዝ ባና ነበር። የአማርኛ መምህራችን ራሳቸው የጻፉትን አጭር ተውኔት ሊያሳዩ ልጆቹን ሲያሰልፉ አንድ ሹም መጣና “የዚህ ነገር ኃላፊ ማነው?” አለ። ሦስታችን ጣታችንን ወደ መምህሩ ቀሰርን። ሹሙ ደብተሩን አገላብጦ አንድ ገጽ አስቀደደ። ትያትሩም ያለዚያ ገጽ ታየ።

ከዓመታት በኋላ ሕግ ስማር ያ ጥያቄ ትዝ ይለኝ ነበር። የመንዝ ሰው ለነገር እንግዳ አይደለም። አዝማሪው በማሲንቆ ስንቱን ባለሥልጣን ሲወጋ ኖሯል። ግን አዝማሪ ማምለጫ አለው፤ “ተቀበል” የሚለው አድማጭ ነውና ግጥሙን የእንግዳው አድርጎ ይወጣል። የትያትር አዘጋጅ ይህ ዕድል የለውም።

የዚህ ዕዳ ሙሉ ማሳያ የሚሆኑኝ ጋሽ ተስፋዬ ገሠሠ ናቸው። በ1929 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወለዱ። በአዲስ አበባ በተማሪነታቸው ዘመን በመድረክ ትወና ታወቁ፤ ከዚያም አሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የትያትር ትምህርት ተማሩ። ሲመለሱ ተዋናይነቱን ሳይተዉ ወደ ዝግጅት ገቡ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከልም ሠሩ። “የሺ” የተባለ ተውኔት ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር ጣል ላድርግ። ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው አዳራሽ የተመረቀው ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል፣ በ1948 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የወጣው በዚያው በዓል ሰሞን ነበር። አንቀጽ 41 የመናገር ነፃነትን “በሕግ መሠረት” ይፈቅዳል። በዚያች ሐረግ በኩል ሳንሱር ሰተት ብሎ ገባ። እናም አዲሱ አዳራሽና አዲሱ ነፃነት ገና ከልደታቸው በር ጠባቂ ነበራቸው ማለት ነው።

ጋሽ ተስፋዬ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን የሀገር ፍቅር ትያትር ኃላፊ ነበሩ። በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት “ዕቃው” የተሰኘው ተውኔታቸው ለእስር ዳረጋቸው። የሚገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ያው መንግሥት ብዙም ሳይቆይ የብሔራዊ ትያትር ሥራ አስኪያጅ አደረጋቸው፤ እስከ 1975 ዓ.ም. ገደማም በዚያ ወንበር ቆዩ።

በአማርኛ አዘጋጅና ሥራ አስኪያጅ ሁለት ቃል ናቸው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል። የእኛው አከፋፈል የተሻለ ይመስለኛል። አዘጋጁ የሚጨነቀው ለተውኔቱ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ለበጀት፣ ለደመወዝና ከበላይ ለሚመጣ ደብዳቤ። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲያርፉ፣ ጠዋት የፈረመው እጅ ማታ መድረኩ ላይ ያለውን ነገር ይቆርጣል ወይም ይከላከላል። “ለምን ሹመቱን ተቀበሉ?” የሚል ወጣት አይጠፋም። እኔ ግን በዚያ የደም ዘመን አዳራሹ ሳይዘጋ መቆየቱን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም።

በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበባት ክፍል አስተማሩ። የዑመር ኻያምን ሩባያት ወደ አማርኛ መለሱ። ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ ገጣሚ፣ መምህር፣ ሹም፣ እስረኛ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ዕድሜ! የፕሬስ ሕጉ ሳንሱርን ያስቀረው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከለከለው። ይህ ሲሆን ጋሽ ተስፋዬ ሃምሳዎቹን አጋምሰው ነበር። “ዕቃው”ን የጻፉት ያለዚህ ከለላ ነው።

በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው አረፉ። ዜናውን እንደሰማሁ ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት ለዚያ መምህሬ ስልክ ደወልኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ስለ ጋሽ ተስፋዬ ጥቂት አወጋንና ያቺን የተቀደደች ገጽ ያስታውሷት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። “ቆይ መነጽሬን ላውልቅ” አሉና፣ በሁለት ተዋናይ ድምፅ እየተቀያየሩ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩልኝ።