ለሚሞት አይጥ ማደንዘዣ?



ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ያለ ጎበዝ ልጅ፣ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፕሮፖዛሌን መለሰብኝ። አይጦቹን በምን እንደማደነዝዝ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምን ማስታገሻ እንደምሰጣቸው ጻፍ ይለኛል። በመጨረሻ ለሚሞት አይጥ? ያውም የቦረና ከብት በድርቅ ባለቀበት አገር?»

አልተቆጣሁም። እኔም በሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበር የማስበው። መልሱ ግን በአንድ መስመር ስለማያልቅ እዚህ ጻፍኩት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (አይጥ ስል ትልቁንም ትንሹንም ነው፤ አማርኛችን ብዙም አይለያቸውም።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከውሻ ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዊሊያም ሞርተን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ቦስተን ውስጥ በኤተር ሰው አደንዝዞ ያለ ስቃይ ቀዶ ጥገና ሲደረግ አሳየ። ከዚያ በፊት ግን ኤተሩን በእንስሳት ላይ፣ በገዛ ውሻውም ላይ ሞክሮታል። በዓመቱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሲምሰን ክሎሮፎርምን ለወላዶች መስጠት ጀመረ። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ በክሎሮፎርም ወለደች። አያችሁ? ማደንዘዣን አስቀድሞ የቀመሰው እንስሳ ነው። ለራሱ ሕመም ተብሎ ሲሰጠው ግን የመጨረሻው ሆነ።

በዚያው ዘመን ፓሪስ ውስጥ ክሎድ በርናርድ የሚባል ትልቅ ሳይንቲስት ኩራሬን ያጠና ነበር። ኩራሬ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት የዕፅ መርዝ ነው። እኛ ቆላ ያለው የቀስት መርዝ፣ ቃራሩ፣ የሚያቆመው ልብን ነው፤ «ኡዋባይን» የተባለው የልብ መድኃኒት ስሙን ያገኘው ከሶማሊኛው «ዋባዮ» ነው። ኩራሬ ግን ነርቭ ጡንቻን እንዳያዝ ያደርጋል። እንስሳው አይንቀሳቀስም፣ አይጮህም። ስሜቱ ግን በቦታው አለ! ይህን በርናርድ ራሱ አውቆ ጽፎታል። ሚስቱና ሴት ልጆቹ በሥራው አዝነው በተቃራኒው ወገን ቆሙ።

ነገሩ ፓርላማ የደረሰው እንግሊዝ ውስጥ ነው። በ1876 የወጣው ሕግ እንስሳ ላይ ሙከራ የሚያደርግ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣና እንስሳውን እንዲያደነዝዝ አዘዘ። ልዩ ፈቃድ የሚሰጥባቸው ቀዳዳዎች ነበሩት። አንዲት አንቀጽ ግን ሁልጊዜ ትገርመኛለች፦ ኩራሬ እንደ ማደንዘዣ አይቆጠርም ትላለች። ማለትም ዝም ማሰኘት ማደንዘዝ አይደለም።

ይህ የአይጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስከ 1980ዎቹ ድረስ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ሳይቀር አራስ ሕፃናት ጡንቻ የሚያሰንፍ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ ማደንዘዣው ግን በጣም ትንሽ ሆኖ ወይም ጭራሽ ሳይኖር፣ ይቀደዱ ነበር። «ነርቫቸው ገና ነው፣ አያማቸውም» ይባል ነበር። በ1987 ካንዋልጂት አናንድና ባልደረቦቹ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ጠንካራ የሕመም መድኃኒት ሲጨመርላቸው ሰውነታቸው ያነሰ እንደሚጨነቅ፣ ከቀዶ ጥገናውም በተሻለ እንደሚያገግሙ አሳዩ። መናገር የማይችልን «አይሰማውም» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እዩ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ተማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ተቋም፣ አይጥ ከፍተን የምንሠራው ልምምድ ነበረን። ጥጥ በኤተር ነክረን ማሰሮ ውስጥ እንጨምራለን፣ አይጧ ስትተኛ እንጀምራለን። አንድ ቀን ኤተሩ መሃል ላይ አለቀ። የሚመራን ሰው «ቀጥሉ፣ ሰዓት የለም» አለን። ቀጠልን። አይጧ አልጮኸችም። እኔም ደብተሬ ላይ «የሕመም ምልክት አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ማርክ አገኘሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያነበብኩት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አይጥ ስትጨነቅ ወደ 22 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ባለ ድምፅ ትጮሃለች። የሰው ጆሮ 20 ላይ ያቆማል። እናም ያቺ አይጥ ዝም ብላ ነበር ወይስ እኔ ነኝ ያልሰማሁት? እስከ ዛሬ አላውቅም።

በ2010 የካናዳ ተመራማሪዎች የአይጥን ፊት በማየት ሕመሟን መመዘን እንደሚቻል አሳዩ። ዓይኗ ይጠባል፣ አፍንጫና ጉንጯ ይለወጣል፣ ጆሮዋ ይዞራል፣ ጢሟ ቦታውን ይቀይራል። በዓመቱ ለትልቁ አይጥም ተመሳሳይ መለኪያ ወጣ። ሳይንስ ይህን ሲያገኝ 2010 ሆነ፤ የቦረና እረኛ ግን ላሙ መታመሟን በጆሮዋ አወራረድና በማመንዠኳ ድሮ ያውቃል።

ሕጉስ? አሜሪካ በ1966 የላቦራቶሪ እንስሳት ሕግ አወጣች፣ በ1970 ማደንዘዣና ማስታገሻን ጨመረችበት። ወዲያው ግን በደንብ፣ በ2002 ደግሞ በሕግ፣ ለምርምር የሚረቡ አይጦችን ከዚያ ውጭ አደረገቻቸው። ላቦራቶሪውን የሞሉት እነሱ ሆነው ሳለ! ዛሬ የሚጠብቃቸው በአብዛኛው የገንዘብ ሰጪዎች ደንብና እንደ ልጁ ዓይነት ኮሚቴ ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አገኙ። ከዚያ ዓመታት የባከኑት ለምን ይመስላችኋል? አንዱ ምክንያት የመርዛማነት ፍተሻው ዓለም በተቀበለው የላቦራቶሪ ደንብ እንደገና ይሠራ መባሉ ነው። ደንቡ ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ የእንስሳ ሙከራህ ካልታመነ ግኝትህ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ሕመም ደግሞ ውጤትን ያበላሻል። ያመማት አይጥ አትበላም፣ የልብ ምቷና ሆርሞኗ ይዛባል፣ ቁስሏ ይዘገያል። አንተ የመድኃኒትህን ውጤት የለካህ ሲመስልህ ሕመሟን ነው የለካኸው።

ሌላም ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአያቶቻችንን መድኃኒት የሚፈትኑት በማን ላይ ነው? ቅጠሉ ሕመም ያስታግሳል ወይ ለማለት አይጥ 55 ዲግሪ የሞቀ ብረት ላይ ትቆማለች፣ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል በሰከንድ ይለካል። ብዙ ጊዜ 15 ሰከንድ ሲሞላ ትነሳለች፣ እንዳትቃጠል። የኛ ማስታገሻ የሚለካው በነሱ ሕመም ነው። ብድሩ የዚህን ያህል ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ፕሮፖዛልህን አስተካክል። ኬታሚንና ዛይላዚን ብለህ መጠኑን በክብደት ጻፍ። ኬታሚን በ1962 የተሠራ፣ ዛሬ ሆስፒታል ሰው የሚቀደድበት ያው መድኃኒት ነው። በሱ ስትተኛ ዓይኗ ክፍት ስለሚቀር ቅባት አድርግላት። ትንሽ ናትና ቶሎ ትበርዳለች፣ አሙቃት። መንቃቷን ሳታይ አትሂድ። ማስታገሻውን በማግሥቱም አትርሳ።

ስለ ድርቁ ያልከው እውነት ነው፣ ያማል። ግን ርኅራኄ እንደ ኤላ ውሃ ተቀድቶ የሚያልቅ አይመስለኝም። ላሟን የሚያይ ዓይንና አይጧን የሚያይ ዓይን አንድ ነው። እኔ ያን ቀን ደብተሬ ላይ «አልታየም» ያልኩት ስላልነበረ አይደለም፣ ስላላየሁ ነው። አንተ እይ።

ሰላም ዋሉ። ከያቤሎ።