ዛፉን የቆረጠው ቄስና በሩን ያንኳኩት እንግዶች

በእንግሊዝ አገር፣ ስትራትፎርድ-አፖን-ኤቨን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ1756 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ቄስ በገዛ ግቢው ውስጥ የቆመ ዛፍ በመጥረቢያ አስቆረጠ። ግቢው የራሱ ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ ነው የገዛው። የከተማው ሰው ግን ግልብጥ ብሎ ወጣና የቤቱን መስኮቶች ሰባበረ። ከዚያ ወዲህ የፍራንሲስ ጋስትሬል ስም በተነሳ ቁጥር አብሮት የሚነሳው አረመኔነት ነው። ወደ ግቢው ሲጎርፉ የነበሩት ሰዎች ስም ግን አንድም ቦታ አይነሳም። ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንዱ ይከሰሳል፣ መቶው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዊሊያም ሼክስፒር ነው። ባለቅኔው ለንደን ላይ ገንዘብ ሲይዝ፣ በ1597 በተወለደባት ከተማ ኒው ፕሌስ የሚባለውን ትልቅ ቤት ገዛ። በ1616 የሞተውም እዚያው ነው። የሚተረከው ደግሞ በአትክልት ቦታው ውስጥ ሙልቤሪ፣ ያ የሐር ትል ቅጠሉን የሚመገበው ዛፍ፣ በገዛ እጁ ተከለ የሚል ነው። በዚያ ዘመን ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ እንግሊዝ የራሷን ሐር እንድታመርት ፈልጎ ችግኙ በየቦታው እንዲተከል ይገፋፋ ስለነበር ታሪኩ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ሼክስፒር ራሱ ጉድጓዱን ቆፍሮ ስለመትከሉ ግን ያለው ማስረጃ አፈ ታሪክ ብቻ ነው።

የልጁ ልጅ ኤልሳቤጥ በ1670 ልጅ ሳትተካ ስትሞት ዘሩ ተቋረጠ፤ ቤቱም ክሎፕተን ለሚባለው ቤተሰብ ገባ። እነሱም በ1702 አካባቢ አሮጌውን ቤት አፍርሰው በቦታው አዲስ ሠሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በኋላ ቄሱ የገዛው ቤት ሼክስፒር የኖረበት ቤት አልነበረም። ለሰው ከሼክስፒር ዘመን ቀረ የተባለው ያ ዛፍ ነበር። ጎብኚው ሁሉ ዓይኑን የጣለው እሱ ላይ ነው።

ከቄሱ በፊት የነበረው ባለቤት ሰር ሂው ክሎፕተን እንግዳ ወዳድ ሰው ነበር። በ1742 ስመ ጥር ተዋናዮቹን ዴቪድ ጋሪክንና ቻርልስ ማክሊንን በዚያው ዛፍ ጥላ ሥር እንዳስተናገዳቸው ይነገራል። በጊዜው ልማዱም ይህ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ፣ ልብሱ ደህና የሆነ መንገደኛ የባለጸጋን በር አንኳኩቶ ቤትህንና አትክልትህን አሳየኝ ቢል እንደ ነውር አይታይም፤ ለሠራተኛዋ ጉርሻ ሰጥቶ ይገባል። ስቶው ለሚባለው ታላቅ የአትክልት ስፍራ በ1744 የጎብኚዎች መመሪያ መጽሐፍ ታትሞ ይሸጥ ነበር። ሰው ቤት መጎብኘት እንደ ዛሬው ሙዚየም መሄድ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ክሎፕተን በ1751 ሞተ። በ1750ዎቹ ቤቱን የገዛው ጋስትሬል ደግሞ ቼሻየር ውስጥ የፍሮድሻም አጥቢያ ቄስ ነበር፤ ሀብታም ነው፣ ዓመቱን ከፊሉን ሊችፊልድ በሚባለው ከተማ ያሳልፋል። ጋስትሬል ቤቱን ሲገዛ የክሎፕተንን ልማድ አብሮ አልገዛም። ለጎብኚው ግን ይህ ምኑም አይደለም። ትናንት የተከፈተ በር ዛሬም መከፈት አለበት ባይ ነው። የክሎፕተን እንግዶች ባለቤቱ ወዶ ያስገባቸው ናቸው፤ የጋስትሬል እንግዶች ግን መግባት መብታችን ነው ብለው የሚመጡ ናቸው። በእኛ አገር የእግዜር እንግዳ የሚባለው እንኳ ደጅ ቆሞ "የመሸበት ነኝ፣ አሳድሩኝ" ይላል፤ ባለቤቱ እስኪፈቅድም ይጠብቃል። የስትራትፎርድ እንግዶች ዛፉን አሳዩን እያሉ ያንኳኳሉ፣ ነገም ሌላው ይመጣል፤ ለማስታወሻ ቅርንጫፍ የሚቀነጥስም እንደነበረ ይተረካል።

ቄሱ በዚህ መማረሩ የሚገባ ነው። ያደረገው ግን "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚባለውን ነው። በሩን መዝጋት ሲችል፣ ሰዓት መወሰን ሲችል፣ ዘበኛ ማቆም ሲችል፣ እንግዶቹን ትቶ ዛፉን መታው። ሌላ ምክንያትም ይነገራል፤ ዛፉ መስኮቱን ጋርዶ ቤቱን እርጥብ አድርጎበት ነበር ይባላል። የሳሙኤል ጆንሰንን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ጄምስ ቦዝዌል ደግሞ ቄሱ ዛፉን የቆረጠው ጎረቤቶቹን ለማናደድ ነው ብሏል፤ ሚስቱንም የጥፋቱ ተካፋይ አድርጓታል። ቦዝዌልም ሆነ ሌሎቹ ይህን የጻፉት ለሼክስፒር ወግነው መሆኑ ግን አይረሳ።

መስኮቱ ከተሰበረ በኋላ ጠቡ አልበረደም። ከተማው በቤቱ ላይ የድሆች መርጃ ግብር ጣለ። ቄሱ ዓመቱን ሙሉ እዚህ አልኖርም፣ ሙሉውን አልከፍልም ብሎ ተከራከረ። ቤቱ እስከቆመ ድረስ ግብሩ ይቀጥላል ሲባል፣ እንግዲያው ቤቱ አይቆምም አለና በ1759 አፈረሰው። ድንጋዩንና እንጨቱን ሸጦ ከተማዋን ለቆ ሄደ። ግቢው ባዶ መሬት ሆኖ ቀረ።

በዚህ መሃል ያተረፈ ሰው አለ። ቶማስ ሻርፕ የሚባል የከተማው ሰዓት ሠሪ የተቆረጠውን ግንድ አብዛኛውን ገዛ። ከእንጨቱ ዋንጫ፣ የሱረት ሳጥን፣ የትምባሆ መጠቅጠቂያ እየቀረጸ ለዚያው ቄሱን ላማረረው ጎብኚ መሸጥ ጀመረ። ንግዱ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። በ1769 ጋሪክ ለሼክስፒር ክብር ሦስት ቀን የሚቆይ ትልቅ በዓል በስትራትፎርድ ሲያዘጋጅ፣ ከተማው የክብር ዜግነቱን የሰጠው በዚያው ዛፍ እንጨት በተሠራ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ሜዳሊያም ከዚያው የተቀረጸ ነበር። (በዓሉን ዝናብ አበላሸው፤ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው። የሚገርመው ደግሞ በሦስቱ ቀን አንድም የሼክስፒር ቴአትር አለመታየቱ ነው።) ዕቃው እየበዛ ሲሄድ ሰው ይጠራጠር ጀመር፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ዛፍ ይወጣል ወይ? ሻርፕ በ1799 ሊሞት ሲል ከዚያ ዛፍ ውጭ ሌላ እንጨት አልተጠቀምኩም ብሎ ቃለ መሐላ ፈጸመ።

ጋስትሬል ሌላ መንገድ አልነበረውም የሚል ካለ፣ በዚያው ዘመን የኖረውን ሆራስ ዋልፖልን ይመልከት። ዋልፖል ከለንደን ወጣ ብሎ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ስትሮውቤሪ ሂል የተባለ እንደ ግንብ ያማረ ቤት ከነአትክልቱ አሠራ። ጎብኚ ጎረፈበት። ለወዳጆቹ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ቤቴ የመንገደኛ ማደሪያ ሆነ፣ እነሱ ሲጎበኙ እኔ እደበቃለሁ እያለ ያማርር ነበር። አንድ ጊዜማ ጎብኚዎች እጅግ የሚወደውን ጥንታዊ የእብነ በረድ ንስር ምንቃር ሰብረው፣ ስብራቱ እንዳይታወቅባቸው ቁራጩን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ።

ዋልፖል ንስሩን ወንዝ አልጣለውም። በ1784 ደንብ አሳተመ። መግባት የሚፈልግ አስቀድሞ ጽፎ ትኬት ይጠይቅ፤ በቀን አንድ ቡድን ብቻ፣ እሱም ከአራት ሰው አይብለጥ፤ ሰዓቱ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት፤ ወቅቱ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፤ ልጆች ይዛችሁ አትምጡ። እርግጥ ዋልፖል የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ነው፣ የራሱ ማተሚያ ቤትና ቤቱን የምታስጎበኝ ሠራተኛ ነበረው፤ የገጠር ቄስ ይህ ሁሉ ላይኖረው ይችላል። ደንብ ለማውጣት ግን ወረቀትና ቁርጠኝነት ይበቃል።

ጠባዩ ዛሬም ያው ነው። በአሜሪካ አልበከርኪ ከተማ፣ ብሬኪንግ ባድ በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ የታየ አንድ ተራ መኖሪያ ቤት አለ። በፊልሙ ገጸ ባሕሪው ፒዛ ጣሪያ ላይ ስለወረወረ፣ ተመልካቾች ከየአገሩ እየመጡ በእውነተኛው ቤት ጣሪያ ላይ ፒዛ ይወረውሩ ጀመር። የፊልሙ ደራሲ ቪንስ ጊሊጋን በ2015 ተዉ ብሎ በአደባባይ ተማጸነ። አልሰሙትም። ባለቤቶቹ በ2017 ግቢውን በብረት አጠሩት። 

ወደ ስትራትፎርድ ስንመለስ፣ የኒው ፕሌስ ባዶ መሬት በ1862 ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ተገዛ። አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው የመሠረቱን ዱካ አወጡ፤ በ2016 ሼክስፒር የሞተበት 400ኛ ዓመት ሲታሰብ ቦታው በአዲስ መልክ ለጎብኚ ተከፈተ። መግቢያው በክፍያ ነው፤ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት አለው። በትልቁ የአትክልት ቦታ ውስጥ አንድ ያረጀ ሙልቤሪ ቆሟል፤ ቄሱ ከቆረጠው ዛፍ ቅርንጫፍ የበቀለ ነው ይባላል።